ከዋናው ጃር ጋር ተጨማሪ ጃሮችን ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጃቫ ላይብረሪያችሁን ሜቨን ሴንትራል (ሜቨን የተባለው የቢልድ መሣሪያ ላይብረሪዎችን የሚያወርድበት የሕዝብ ማከማቻ) ላይ ልታወጡ ነው እንበል። ዋናው ጃር፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረገው ኮድ የታሸገበት ፋይል፣ ብቻውን አይበቃም። የሶርስ ጃር (ምንጭ ኮዱ)፣ የጃቫዶክ ጃር (የኮዱ ማብራሪያ ሰነድ) እና የእያንዳንዳቸው የጂፒጂ ፊርማ (ፋይሉ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ) ይጠየቃል። ችግሩ የሚመጣው እነዚህን ስታያይዙ ነው።

ክላሲፋየር መርሳት። ክላሲፋየር ማለት ተጨማሪውን ጃር ከዋናው ለመለየት ፋይሉ ስም ላይ የሚጨመር ቃል ነው። እሱ የሌለው ተጨማሪ ጃር ከዋናው ጋር ይጋጫል። አዳዲሶቹ የሜቨን ጃር ፕለጊን ቨርዥኖች ቢልዱን ስለሚያስቆሙት ቶሎ ይታወቃል።

ሁሉን የጠቀለለ ጃር በክላሲፋየር ማውጣት። ይሄኛው ይብሳል፤ ስታወጡት ምንም ስህተት አይታይማ። ክላሲፋየር ያለው ጃር የራሱ ፖም (ላይብረሪው የሚያስፈልጉትን ሌሎች ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዲፔንደንሲዎቹን፣ የሚዘረዝር ፋይል) የለውም፣ የዋናውን ነው የሚጋራው። ዲፔንደንሲዎቹን በሙሉ በውስጡ የያዘ ጃር «ኦል» በሚል ክላሲፋየር አወጣችሁ እንበል። አንድ ሰው ሲጠቀምበት ሜቨን ፖሙን አንብቦ እነዚያኑ ዲፔንደንሲዎች እንደገና ያወርዳል። ያው ክላስ ክላስፓዙ (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ሁለት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ቨርዥኖቹ ከተለያዩ ቀድሞ የተገኘው ይጫናል። ሰውየው «ኖ ሳች ሜተድ ኤረር» (የተጠራው ሜተድ የለም የሚል ስህተት) ይመጣበትና ጥፋቱን ከራሱ ኮድ ሲፈልግ ይውላል። እንዲህ ያለ ጃር የራሱ ሞጁልና የራሱ ፖም ይኑረው ባይ ነኝ። ሌላው የቢልድ መሣሪያ ግሬድል ከ6.0 ጀምሮ ለየቫሪያንቱ (ለእያንዳንዱ የላይብረሪው ዓይነት) የተለየ ዲፔንደንሲ የሚመዘግብ የራሱን ሜታዳታ ያወጣል። ሜቨን ግን ያንን ፋይል አያነበውም፤ ስለዚህ የሜቨን ተጠቃሚዎቻችሁን አያድናቸውም።

ለሶርስ ጃር «ጃር» የሚለውን ጎል (ፕለጊኑ የሚሠራውን ተግባር) መምረጥ። «ጃር-ኖ-ፎርክ» ይሻላል። የመጀመሪያው ኮድ የሚያመነጩ ፕለጊኖችን ሁለቴ ያስኬዳል።

ቴስት ጃር (የቴስት ኮዱ የታሸገበት) እያወጡ «ሜቨን.ቴስት.ስኪፕ» መጠቀም። ቴስቱ ኮምፓይልም አይደረግም፣ ጃሩም አይሠራም። ቴስቱ እንዳይሮጥ ብቻ ከፈለጋችሁ «ስኪፕ-ቴስትስ» አለላችሁ።

ከፊርማ በኋላ ማያያዝ። የጂፒጂ ፕለጊን የሚፈርመው እሱ ተራው ሲደርስ የተያያዘውን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቬሪፋይ ፌዝ (የቢልዱ ደረጃ) ስለሚሠራ፣ ተጨማሪ ፋይሎቻችሁን ከእሱ በሚቀድመው በፓኬጅ ፌዝ አያይዟቸው። ያልተፈረመ ፋይል ካለ ሴንትራል አይቀበልም።

ጃሮቹን ሳይከፍቱ መላክ። የሶርስ ጃር የጃቫ ኮዱን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ካልከለከላችሁት የሪሶርስ ፎልደሩም ይገባል። እዚያ ውስጥ የዳታቤዝ ፓስወርድ የያዘ ፋይል ካለ አብሮ ይወጣል። ሴንትራል ላይ የወጣ ቨርዥን ደግሞ አይሰረዝም፣ አይቀየርም። ስለዚህ መጀመሪያ «ሜቨን ቬሪፋይ» በሉ፤ ከዚያ ታርጌት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ጃሮች አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ። ፓስወርዱ አንዴ ካመለጠ አዲስ ቨርዥን ማውጣት አይበቃም፤ ፓስወርዱን ራሱን ወዲያው ቀይሩት።