ደሴ ላይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሄድ ለምትጀምሩ

መጀመሪያ ማን ጋር እንደምትሄዱ ለዩ። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ነው የሚረዳችሁ። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው። ስትደውሉ የትምህርት ደረጃውን፣ ፈቃዱንና ዋጋውን ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ደሴ ላይ ሰው ይተዋወቃል። ፒያሳ አንድ ደረጃ ስትወጡ የጎረቤት ልጅ ሊያያችሁ ይችላል። እኔን ይሄ ስላስጨነቀኝ ሰው የማይበዛበት ሰዓት እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ፤ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? የመጨረሻው ያስደነግጣል፤ ግን የተለመደ ጥያቄ ነው፣ እውነቱን መልሱ። የምታወሩት ምስጢር ነው። የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው ዝም ላይል ይችላል። ይህን ካልነገራችሁ ጠይቁት።

እኛ ወሎዬዎች ሲከፋን «አብሽሪ» እየተባልን ነው ያደግነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዬ ግን አብሽሪ አላለችኝም። በ2014 ከተማችን በጦርነት ስትያዝ ያየሁትን ስነግራት፣ መሃል ላይ ቀስ ብላ «አሁን ሰውነትሽ ላይ ምን ይሰማሻል?» አለችኝ። ለካ ጣቶቼ በረዶ ሆነዋል። ነጠላዬን ጠቅልዬባቸው ጥቂት ተነፈስን፤ ከዚያ ቀጠልን።

አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ሲያልቅ ድካም አለው፤ ወዲያው ሥራ አትግቡ። ዱዓችሁን ወይም ጸበላችሁን መተው የለባችሁም፤ ለባለሙያው ንገሩት። ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ካልተግባባችሁ በግልጽ ተናገሩና ሌላ ፈልጉ።