ሃሪኬን ሲመጣ ቤንዚን እንዴት ይገኛል? በፍሎሪዳ ለሚኖር ባለመኪና

ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) እየመጣ ነው ከተባለ በኋላ ቤንዚን ፍለጋ የወጣ ሰው ከከተማው ሁሉ ጋር አንድ በር ላይ ይጋፋል። አዲስ አበባ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ያደረ ሾፌር የታምፓ ሰልፍ ላያስደንቀው ይችላል። ግን እዚህ ሰልፉ ቀነ ገደብ አለው። ነፋሱ ሲበረታ ማደያው ይዘጋል፣ ሁሉም ባለበት ይቀራል። ስለዚህ «የት ይገኛል?» ከማለት በፊት መቼ እንደሚቀዳና ስንት እንደሚበቃ ማወቅ ይሻላል።

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚከፋው ግን ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ኢርማ የተባለችው ሃሪኬን ፍሎሪዳን የመታችው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2017 ነበር፤ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

ለምን ያልቃል?

ፍሎሪዳ የራሷ የነዳጅ ማጣሪያ የላትም። አብዛኛው ቤንዚኗ በመርከብ ነው የሚገባው፤ በታምፓ፣ በፖርት ኤቨርግሌድስና በጃክሰንቪል ወደቦች በኩል። ማዕበሉ ሲቃረብ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) ወደቡን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መጋዘን ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። እሱንም ወደ ማደያ የሚያደርሰው ቦቴ እንደ እናንተው ትራፊክ ውስጥ ቆሟል።

አንድ ቦቴ 8,000 ጋሎን ገደማ ይይዛል። እያንዳንዱ መኪና 12 ጋሎን ቢቀዳ ለ660 መኪና ያህል ነው። ኦክቶበር 2024 ሃሪኬን ሚልተን ሲመጣ፣ ማዕበሉ ገና የብስ ሳይነካ ከስቴቱ ማደያዎች ሩብ ያህሉ ባዶ ሆነው ነበር። ቦቴዎቹን ያሳልፍ የነበረው የፖሊስ አጀብ ነው።

1. ከግማሽ ታንክ በታች አትውረዱ

ከጁን ጀምሮ ጌጁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቅዱ። በቃ። አሰልቺ ምክር ይመስላል፤ ግን ከዚህ በታች ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል። ኡበርና ታክሲ የምትሠሩ ደግሞ ሥራ ስትጨርሱ ሞልታችሁ ግቡ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የምታጡት የዕለቱን ገቢ ነው።

2. የት እንደምትሄዱ አሁን ወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሃሪኬን ሲባል ወዲያው «አትላንታ እንሂድ፣ ዘመድ አለን» ይባላል። ዘመድ መኖሩ ጥሩ ነው፤ እንጀራውም አይጠፋም። ግን ሒሳቡን እንሥራ። ከታምፓ አትላንታ በአይ-75 አውራ ጎዳና ወደ 455 ማይል ነው። መኪናችሁ በጋሎን 25 ማይል ቢሄድ 18 ጋሎን ይፈልጋል። የአብዛኛው የቤት መኪና ታንክ ከ12 እስከ 15 ጋሎን ነው። ስለዚህ ሞልታችሁ ብትወጡም መንገድ ላይ መቅዳታችሁ አይቀርም። የምትቀዱትም ኦካላ ወይም ጌይንስቪል ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ ነው። በኢርማ ጊዜ ጌይንስቪል ውስጥ ከግማሽ በላይ ማደያዎች ደርቀው ነበር።

ይህ ደግሞ ትራፊክ ከሌለ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ከጋሎን አምስተኛ እስከ ግማሽ ይበላል። ስምንት ሰዓት እየቆማችሁ እየተነሣችሁ ብትሄዱ ሁለት ሦስት ጋሎን በከንቱ ሄደ ማለት ነው። በ2005 ሃሪኬን ሪታን ሽሽት በቴክሳስ ከሂውስተን አካባቢ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው መንገድ ወጥቶ፣ መኪኖች ቤንዚን ጨርሰው አውራ ጎዳናው ላይ በሙቀት ቆመው ቀሩ። በዚያ ሽሽት ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሃሪኬን ላይ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ውኃ ነው። ከባሕር ዳር ዝቅተኛ ቦታ ወጥቶ ከፍ ወዳለና ጠንካራ ቤት ወዳለበት መግባት ለብዙ ሰው ይበቃል። የስቴቱ የአደጋ ጊዜ ባለሥልጣናትም የሚመክሩት በመቶ ማይል ሳይሆን በአሥር ማይል የሚቆጠር ጉዞ ነው። ከታምፓ ሌክላንድ 35 ማይል ያህል ነው፤ ሁለት ጋሎን አይፈጅም።

ስለዚህ ዛሬውኑ በካውንቲያችሁ ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ የመልቀቂያ ዞናችሁን እዩ። ዞናችሁ «ኤ» ከሆነ መጀመሪያ እንድትወጡ ይነገራችኋል። ምንም ዞን ውስጥ ከሌላችሁና ቤታችሁ ጠንካራ ከሆነ፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ሌላውን ወገን ማስጠጋት ትችላላችሁ። ተንቀሳቃሽ ቤት (ሞባይል ሆም) ውስጥ የሚኖር ግን ዞኑ ምንም ይሁን ምን መውጣት አለበት።

3. መቼ ልቅዳ?

ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል አውሎ ነፋሱ የሚሄድበትን መንገድ እስከ አምስት ቀን ድረስ ይተነብያል። ካርታው ላይ ይህን መንገድ የሚያሳየው ነጭ ሾጣጣ ቅርጽ አካባቢያችሁን ነካ ማለት በዚያው ምሽት መቅዳት ነው። የሃሪኬን «ዋች» (ሊመጣ ይችላል የሚለው ማስታወቂያ) የሚወጣው ኃይለኛው ነፋስ ከመድረሱ 48 ሰዓት በፊት፣ «ዋርኒንግ» (ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል የሚለው) ደግሞ 36 ሰዓት በፊት ነው። ዋርኒንግ ሲወጣ የሚቀዳ ሰው ዘግይቷል።

ሁለት ሦስት መኪና ያለው ቤተሰብ በአንዱ ይውጣ። የቀረውን ከፍ ያለ ቦታ አቁሙት።

4. ከዘገያችሁስ?

እንግዲህ ፍለጋ ነው። ጋዝበዲ የሚባለው አፕ የትኛው ማደያ ቤንዚን እንዳለው ያሳያል። መረጃውን የሚያስገቡት ሾፌሮች ስለሆኑ ግን መቼ እንደተጻፈ እዩ፤ የሦስት ሰዓት ወሬ አሮጌ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ማደያ ውስጥ የሚሠራ ሐበሻ የምታውቁ ከሆነ ቦቴ መቼ እንደሚመጣ ከእሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ከአውራ ጎዳናው መውጫ አጠገብ ያሉት ቀድመው ይደርቃሉ። ሁለት ሦስት ማይል ወደ ከተማው ግቡ። ሌሊት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ሂዱ። የመቅጃው እጀታ በፕላስቲክ ከረጢት ከተሸፈነ የለም ማለት ነው፤ አትቁሙ፣ እለፉ። ሬጉላር አልቆ ፕሪሚየም ካለ ቅዱ። ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ መኪናውን አይጎዳም። ኢ85 የሚለውን (ኤታኖል የበዛበትን ነዳጅ) ግን መኪናችሁ ለዚያ ካልተሠራ አትንኩት። ናፍጣም በስህተት እንዳትቀዱ፤ በድካምና በጨለማ የማይሆን ነገር የለም።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ካርድ ዋጋ የለውም።

5. ጀሪካን

እዚህ ቀልድ የለም። ከጓዳ የወጣ የዘይት ጀሪካን አይሆንም። ቀለም እንኳ ትርጉም አለው፦ ለቤንዚን ቀይ፣ ለናፍጣ ቢጫ ነው። ሃርድዌር መደብር ቀዩን ግዙ። ስትቀዱ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ መኪናው ውስጥ ወይም ፒክአፕ ላይ እንዳለ አትሙሉት፣ ስታቲክ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። እስከ አፉ አይሞላም፤ በሙቀት ያብጣል። ባለ 5 ጋሎኑ ሲሞላ ከ13 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ ተጭኖ መጓዝ የለበትም፤ ጢሱ ያፍናል፣ ግጭት ቢመጣ ደግሞ ይቀጣጠላል። ጀሪካኑ በዋናነት ለጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩም ከቤቱ 20 ጫማ ይራቅ፤ ጋራዥ ውስጥ የተነሣ ጄኔሬተር በየዓመቱ ሰው ይገድላል።

6. መንገድ ላይ

511 ደውሉ ወይም የፍሎሪዳ 511ን አፕ ክፈቱ፤ የትኛው መንገድ እንደተጨናነቀ ይነግራል። በትልልቅ ሽሽት ጊዜ ስቴቱ የክፍያ መንገዶችን ነጻ ያደርጋል፣ የመንገዱን ትከሻም ለመኪና ይከፍታል። ቤንዚን ለመቆጠብ በሰዓት በ55 ማይል ገደማ ንዱ። ጣሪያ ላይ ዕቃ አትጫኑ። ኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ውጡ፤ ጨው ውኃ የነካው ባትሪ ቆይቶም ሊቃጠል ስለሚችል ጎርፍ በሚገባበት ቦታ አትተዉት።

7. ካለፈ በኋላ

ለመመለስ አትቸኩሉ። ማደያው ከመሬት በታች ሙሉ ቤንዚን ኖሮት፣ መብራት ከሌለ ማውጣት አይችልም። በስቴቱ ሕግ ከ2006 ወዲህ የተሠሩ ማደያዎችና በመልቀቂያ መንገዶች ዳር ያሉ ትልልቆቹ ጄኔሬተር የሚቀበል መስመር እንዲዘረጉ ይገደዳሉ። ስለዚህ ከትንሹ ይልቅ ትልቁን ሞክሩ። ከሚልተን በኋላ ስቴቱ በተጎዱ ከተሞች ለአንድ ሰው 10 ጋሎን በነጻ አድሏል፤ እንዲህ ያለው ነገር በአካባቢው ዜና ይነገራልና ስሙ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ዋጋ ያለምክንያት መቆለል በፍሎሪዳ ሕገወጥ ነው። የተጋነነ ካያችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ቦርዱን ፎቶ አንሡ፣ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አመልክቱ። ጀሪካን ውስጥ የተረፈውን ቤንዚን ደግሞ መብራት እንደተመለሰ መኪናው ውስጥ ጨምሩት፤ ቤት ውስጥ ወራት አይቀመጥም።