የቀደምት እስልምናን ታሪክ ለሚያነብ፦ ቃላቱን ከነክስተታቸው መያዝ

የእስልምናን የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ማንበብ የጀመረ ሰው ተውሒድ፣ ሂጅራ፣ አንሷር፣ ኸሊፋ፣ ፊትና የሚሉትን ቃላት ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያገኛቸዋል። እነዚህን በፊደል ተራ ከመሸምደድ እያንዳንዱን ከወጣበት ክስተት ጋር አያይዞ በዘመን ቅደም ተከተል መያዝ እጅግ ይሻላል።

ከመካ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ610 አካባቢ በሒራ ዋሻ ወህይ (መለኮታዊ ራእይ) ለነብዩ ሙሐመድ መውረድ ሲጀምር የመልእክቱ እምብርት ተውሒድ፣ ማለትም የአላህ አንድነት ነበር፤ ለአላህ አጋር ማድረግ ደግሞ ሽርክ ይባላል። ጣዖታት በካዕባ ዙሪያ በቆሙባትና የቁረይሾች (የመካ ዋና ጎሳ) ክብር ከዚያ ስፍራ ጋር በተሳሰረባት ከተማ ይህ ትምህርት ምን ያህል ቁጣ እንደቀሰቀሰ ያስተዋለ አንባቢ አማኞቹ ለምን እንደተሰደዱ ለመረዳት አይቸገርም።

ሂጅራ (ስደት) ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የ622ቱን የመዲና ጉዞ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ615 አካባቢ፣ የተወሰኑ ሶሓቦች (የነብዩ ባልደረቦች) ወደ ሐበሻ ተሰደው ነበር። በሙስሊም የታሪክ ጸሐፊዎች ዘገባ መሠረት ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ ላኩ። በንጉሡ ፊት የቆመው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ቀድሞ በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው የድንቁርና ዘመን) እንደኖሩ፣ ጣዖት ያመልኩ፣ በክት ይበሉ፣ ብርቱው በደካማው ላይ ይበረታ እንደነበር ተናገረ፤ ከቁርኣን ምዕራፍ ከሱረቱ መርየምም አነበበ፤ ነጃሺም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ይህን ንግግር ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ጃሂሊያ የሚባለው ዘመን በራሳቸው በአማኞቹ ዓይን ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምንባብ እምብዛም አይገኝም።

በመዲና ሙሃጂሮች ከመካ የተሰደዱት፣ አንሷሮች ደግሞ የተቀበሏቸው የአውስና የኸዝረጅ ሰዎች ናቸው። ሁለቱን ያስተሳሰረው ኡማ በእምነት ላይ የቆመ ማኅበረሰብ በመሆኑ፣ ጎሳ የሁሉ ነገር መለኪያ በነበረበት አገር ታላቅ ለውጥ ነበር።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ632 ሲያርፉ አቡበክር ኸሊፋ፣ ማለትም ተተኪ ሆኑ። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን በ656 ከተገደሉ በኋላ የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ፊትና ተብሎ ይታወቃል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ የሱኒና የሺዓ ልዩነት ሥሩ በዚህ የሥልጣን ውርስ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሐዲስ (የነብዩን ንግግርና ተግባር የሚያወሳ ዘገባ) ሲያነቡ ሁለት ክፍሎችን ይለዩ፦ ኢስናድ የአስተላላፊዎች ሰንሰለት፣ መትን ደግሞ ቃሉ ራሱ ነው። በታዋቂው የሐዲስ ስብስብ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ መጀመሪያ ላይ ያለው ሐዲስ መትኑ ሥራ የሚለካው በኒያ (በልብ ሐሳብ) እንደሆነ ይናገራል፤ ኢስናዱ ግን ከሁለተኛው ኸሊፋ ከዑመር ወደ ዐልቀማ፣ ከእርሱ ወደ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ከዚያም ወደ የሕያ ኢብን ሰዒድ እያለ ይወርዳል። ስሞቹን ዘልለው አይለፉ፤ የሐዲስ ሊቃውንት የዘገባን ጥንካሬ የሚመዝኑት በመጀመሪያ በእነርሱ ነው።

ለዘመን አቆጣጠርም ይጠንቀቁ። በዑመር ዘመን የተደነገገውና ከሂጅራ የሚነሣው የሂጅሪያ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ብቻ አለው። ዓመቱን በ0.97 አባዝተው 621.57 ቢደምሩ የእ.ኤ.አ. ዓመቱን ግምት ያገኛሉ፦ የነብዩ የልጅ ልጅ ሑሰይን በከርበላ የተገደሉበት 61 ሂጅሪያ 680.74 ይሰጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. 680፣ በእኛ አቆጣጠር 673 ዓ.ም. ነው።