ዳንስን እንደ ቀድሞው የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ለካሜራ ማቀናበር

በቲያትር መድረክ ሰፊው ቦታ ለተመልካች የቀረበው ጠርዝ ነው። ለካሜራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሌንሱ የሚያየው ወለል ከፊቱ ጠብቦ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ነው። ለመድረክ የተሠራ ዳንስ ፊልም ላይ ግራና ቀኙ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንድ እርምጃ እንኳ ከማውጣታችሁ በፊት ወለሉን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና 40ዎቹ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 22 በ16 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 8 ሜትር ላይ የቆመ ዳንሰኛ 2.5 ሜትር ከፍታና 3.5 ሜትር ስፋት ያገኛል፤ እጁን ወደ ላይ ቢዘረጋም ጫማው አይቆረጥም። 4 ሜትር ድረስ ከቀረበ ሁሉም በግማሽ ያንሳል፣ እግሩም ከምስሉ ይወጣል። ሁለቱን የሦስት ማዕዘን ጎኖች በጠመኔ አስምሩና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ውስጥ ተለማመዱ።

የሆሊውዱ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር ከራስ እስከ ጫማ እንዲታይና ቀረጻው ብዙ እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ልክም ነበር፤ ካሜራው ፊት ላይ ሲጠጋ የእግሩን ሥራ እናጣለን። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ አንዲት ስህተት ሙሉውን ቴክ (ሳይቋረጥ የሚቀረጸውን አንድ ቀረጻ) ታበላሻለች። እ.ኤ.አ. በ1936ቱ «ስዊንግ ታይም» ፊልም የመጨረሻው የጥንድ ዳንስ ከ40 ጊዜ በላይ ተቀርጾ አብራው የምትደንሰው የጂንጀር ሮጀርስ እግር ደምቷል። ከባዱን ሽክርክሪት ትንፋሽ ሳያጥር፣ ወደ መጀመሪያው አካባቢ አስገቡት።

ዳንሰኛው ወደ ጎን ሲሮጥ ከኋላው ዓምድ ወይም የአጥር እንጨት ይኑር፤ ባዶ ግድግዳ ፍጥነቱን ይበላዋል። የዳንስ አቀናባሪው የባዝቢ በርክሌይ መንገድ ሌላ ነው፦ ካሜራው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ እርምጃው ቀላል ይሆናል፣ ልፋቱ ሁሉ ሰልፉን እኩል ማድረግ ላይ ነው።

ሙዚቃው ቀድሞ ተቀርጾ በቀረጻው ሰዓት በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። በሰከንድ 24 ፍሬም (የፊልሙ ነጠላ ምስል) ያልፋል፤ በደቂቃ 120 ምት ባለው ዜማ አንዱ ምት 12 ፍሬም ይይዛል፣ እያንዳንዱ አራት ምት የያዘ 32 ባር (የዜማ ክፍል) ደግሞ 64 ሰከንድ ይሆናል። የታፕ ጫማው (ሲረገጥ እንዲጮህ ከሥሩ ብረት ያለው የዳንስ ጫማ) ድምፅ ኋላ ላይ ምስሉን እያዩ በእንጨት ወለል ላይ ለብቻው ይቀረጻል፤ የሮጀርስን የእግር ድምፅ የአስቴር የዳንስ አቀናባሪ ሄርሚስ ፓን እየረገጠ ይሞላላት ነበር። ድምፁ ጥቂት ፍሬም ከተንሸራተተ ዳንሰኛው ሌላ ሰው የረገጠለት ይመስላል። ስታስተካክሉ ተረከዙ ወለሉን የነካበትን ፍሬም ፈልጉ፤ ከጣት ይልቅ ተረከዝ ጎልቶ ይታያል።