ፓታያ ላይ የባህር ምግብ ለመብላት፦ ናክሉዋ ሂዱ፣ ሚዛኑን እዩ

ባንኮክ ለሸቀጥ ወይ ለህክምና የሚመላለስ ሀበሻ ብዙ ነው፣ አየር መንገዳችን ቀጥታ ስለሚበር ነገሩ ቀላል ነው፣ ጉዳዩ አልቆ ሁለት ሶስት ቀን ከተረፈ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚለው "በቃ ፓታያ እንውረድ" ነው። ወደዚህች የባህር ዳር ከተማ ከባንኮኩ ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት እራሱ አውቶብስ አለ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። ችግሩ ከደረሱ በኋላ ነው፣ ግማሹ ባህር ዳር ቁጭ ብሎ በርገርና ፒዛ ሲበላ ይሰነብታል፣ ግማሹ ደግሞ ዎኪንግ ስትሪት የሚባለው የማታ መዝናኛ መንገድ አካባቢ በረዶ ላይ የተደረደረውን ሎብስተር አይቶ ዘው ይላል፣ ከዛ ሂሳቡ ሲመጣ ፊቱ ይለዋወጣል።

እኔን ብትሰሙኝ ናክሉዋ ሂዱ። ከፓታያ በስተሰሜን ያለ የድሮ የአሳ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ እዛ ባህሩ ጥግ ላን ፖ የሚባል ገበያ አለ፣ አሳው ሽሪምፑ ሸርጣኑ ስኩዊዱ ዛጎሉ ሁሉ ተዘርግቷል፣ ግማሹ ገና ይንቀሳቀሳል። መርጣችሁ ታስመዝናላችሁ፣ ከፍላችሁ ስታበቁ እዛው የሚጠብሱና በእንፋሎት የሚያበስሉ ሰዎች ጋ ትወስዱታላችሁ፣ ለማብሰያ ትንሽ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ሶሱንም ይሰጧችኋል። አጠገቡ ፓርክ ስላለ የሀገሬው ሰው በተለይ ቅዳሜና እሁድ ምንጣፉን አንጥፎ ቤተሰቡን ሰብስቦ ነው የሚበላው። ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ምናምን የለም፣ ወንበር ካላገኛችሁም አትደነቁ። ፀሀይ በረድ ሲል ሂዱ፣ በቀትር ሙቀቱ ምግቡን ያስጠላችኋል።

ለመሄድ ሶንግቴው ነው የምትይዙት፣ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ፒክአፕ ማለት ነው። መንገድ ላይ እጅ አሳይታችሁ ትወጣላችሁ፣ ስትደርሱ ደወሉን ተጭናችሁ ወርዳችሁ ለሾፌሩ ትከፍላላችሁ፣ አጭር መንገድ 10 ወይ 20 ባህት ነው። ዋጋ አትጠይቁ! ከጠየቃችሁ ኮንትራት የፈለጋችሁ ይመስለውና አስር እጥፍ ይጠራላችኋል። ሾፌሩ ወይ ሞተረኛው "እኔ ጥሩ ሬስቶራንት አውቃለሁ" ካለ ደግሞ በትህትና እምቢ በሉ፣ ኮሚሽኑ የሚወጣው ከናንተ ሳህን ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሚዛን። ታይላንድ ውስጥ የባህር ምግብ ዋጋ ሲጻፍ አንዳንዴ በኪሎ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በ100 ግራም ነው፣ እነሱ ኪት ይሉታል። ሜኑ ላይ ከአሳው ፎቶ ጎን 120 የሚል ቁጥር አይታችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ ካዘዛችሁና አሳው 800 ግራም ከሆነ ሂሳቡ 960 ባህት ነው። ሰው ተጭበረበርኩ እያለ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው፣ ምንም እንኳ የእውነት የሚያጭበረብርም ባይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ "ኪሎ ላ ታውራይ" ብላችሁ የኪሎውን ዋጋ ጠይቁ፣ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ከፍታችሁ ስጧቸው ቁጥሩን ይጽፉላችኋል፣ ከዛ ፊታችሁ ይመዘን። ሜኑው ላይ ዋጋ በሌለበትና "የገበያ ዋጋ" ብቻ ተጽፎ ባለበት ቤት ሳይመዘንና ሳይነገራችሁ ወደ ኪችን እንዳይገባ። ትልልቆቹ ሸርጣኖች በገመድ ታስረው ነው የሚሸጡት፣ ገመዱ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ የገመዱንም ኪሎ እየከፈላችሁ ነው።

ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ያን ያህል ሊቅ መሆን አይጠይቅም። አሳ ከሆነ አይኑ የጠራ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ስትገልጡት ውስጡ ቀይ፣ በጣት ስትጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። ሽሪምፕ ጭንቅላቱ ከጠቆረ ወይ ላላ ብሎ ሊወድቅ ከደረሰ እለፉት። ሸርጣን መጠኑ ሳይሆን ክብደቱ ነው፣ አንስታችሁ ከቀለላችሁ ውስጡ ስጋ የለም። ዛጎሉ አፉን ከፍቶ ስትነኩት የማይዘጋ ከሆነም ተዉት።

ምን ምን ይታዘዝ ካላችሁ፣ ሽሪምፑን በከሰል፣ ሸርጣኑን በእንፋሎት ብቻ፣ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ዝዋይና ሀዋሳ ሙሉ አሳ ጥብስ ለለመደ ሰው ግን ልቡን የሚወስደው ፕላ ካፖንግ ነው፣ ወይ ተጠብሶ የአሳ ሶስ የፈሰሰበትን ቁርጭም ቁርጭም የሚለውን፣ ወይ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በእንፋሎት የበሰለውን ማዘዝ ነው። በጨው ተለብጦ ከሰል ላይ የሚጠበስ አሳም አለ፣ ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሳር ጠቅጥቀው ነው የሚያስገቡለት፣ ቆዳው ከነጨው ተገፎ ይጣልና ውስጡ ነጭ እርጥብ ስጋ ይወጣል፣ እኔ ለሱ ስል ሎብስተሩን ሳላቅማማ እተወዋለሁ። ሎብስተር ፓታያ ላይ ለፎቶ ነው በእውነት። ሬስቶራንት ከገባችሁ ደግሞ በካሪ ዱቄትና በእንቁላል የተሰራ ሸርጣን፣ ፑ ፓት ፖንግ ካሪ፣ እሱን ሞክሩ። በቃሪያ ድልህና በሶብላ በሚመስል ቅጠል የተጠበሰው ትንንሽ ዛጎልም አለ፣ ሽታው ሀገር ቤት ይወስዳችኋል። ቶም ያም ኩንግ የሚባለውን የሽሪምፕ ሾርባ ዩኔስኮም በ2024 ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ ውስጡ የሚንሳፈፈውን ጠጅ ሳርና እንጨት የመሰለ ዝንጅብል ግን አይታኘክም፣ ለጣዕም ነው፣ ወደ ጎን አድርጉት።

ከሁሉም ጋር የሚመጣው አረንጓዴ ማጥቀሻ፣ ናም ቺም፣ ሎሚ ነጭ ሽንኩርት የድንብላል ስርና ቃሪያ ነው፣ የነሱ ዳጣ በሉት። እዚህ ጋ ሀበሻ ይኮራል፣ "እኔ ሚጥሚጣ የምበላ ሰው" ይልና ማንኪያውን ሞልቶ ያነሳል። ትንሿ የታይ ቃሪያ ጥሬዋን ስትሆን ሌላ ነገር ናት፣ ቀስ በሉ። "ማይ ፔት" ካላችሁ አያቃጥልም፣ "ፔት ኒት ኖይ" ካላችሁ ትንሽ ብቻ። ወንድ መጨረሻ ላይ ክራፕ፣ ሴት ካ ብላችሁ ብትጨምሩበት ደስ ይላቸዋል። አበላሉ ለኛ አይከብድም፣ ምግቡ መሀል ይቀመጣል፣ ሁሉም ሩዙን ይዞ ከመሀል እየቀነሰ ነው፣ በማንኪያ ይበላል ሹካው መግፊያ ነው።

ሽሪምፕና ሸርጣን የማትበሉ፣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ነው የምትሉ፣ አሳው ይበቃችኋል ግን ሶሱን ጠይቁ። ካፒ የሚባል የሽሪምፕ ድልህና የኦይስተር ሶስ ብዙ ምግብ ውስጥ ይገባሉ፣ አትክልት ጥብሱ ውስጥ እንኳ አለ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየነፍስ አባቶቻችሁ ትቻለሁ፣ እሮብና አርብ ሙሉ ለሙሉ የጾም ምግብ የፈለገ ግን "ጄ" ይበል፣ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሰቀለ ቤት ከሆነ ስጋም እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ሽንኩርት እንኳን አያስገቡም። ሙስሊሞች የሀላል ምልክቱን እዩ፣ ፓታያ ውስጥ ሙስሊም ሰፈሮችም ስላሉ አትቸገሩም፣ ተራው የመንገድ ዳር ቤት ግን የአሳማ ስጋ የጠበሰበትን መጥበሻ ነው ለአሳውም የሚያነሳው።

ሽሪምፕ በህይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰው አንዷን በልቶ ትንሽ ይቆይ፣ አለርጂው ካደጉ በኋላም ይመጣል። ከንፈር ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ጥሬ ሽሪምፕ በአሳ ሶስ፣ ጥሬ ሸርጣን የገባበት የፓፓያ ሰላጣ፣ ደም የመሰለ ፈሳሽ ያለው ለብ ብቻ ያለ ዛጎል፣ እነዚህን ለሀገሬው ተዉለት፣ በማግስቱ የሚበረር ከሆነማ በጭራሽ። መጠጥ ውስጥ የሚገባው በረዶ መሀሉ ቀዳዳ ያለው ቱቦ መሳይ ከሆነ የፋብሪካ ስለሆነ ብዙ አያሰጋም፣ ውሃ ግን የታሸገ ብቻ ጠጡ።

ደህና ሬስቶራንት ውስጥ ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ ሰርቪስና 7 በመቶ ቫት ገና ይጨመራል ማለት ነው። "ቼክ ቢን" ስትሉ ሂሳቡን ያመጣሉ፣ ኪሎውን ቆጥራችሁ ክፈሉ፣ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ሳንቲሙን መተው ይበቃል። የተረፈውን "ሳይ ቱንግ" ካላችሁ በላስቲክ ቋጥረው ይሰጧችኋል፣ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ፍሪጅ ከሌለ ግን እዛው ማታውኑ ጨርሱት፣ በዛ ሙቀት የባህር ምግብ አያድርም።