ዋይፋዩ እየሠራ ፕሪንተሩ «ኦፍላይን» ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በዋይፋይ የሚሠራ ፕሪንተር ማተም ሲያቆም ብዙ ሰው የሚቸኩለው ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ከፕሪንተሩ ጋር የሚግባባበትን ሶፍትዌር) አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ነው። ትናንት በደንብ ሲያትም ለነበረ ፕሪንተር ግን ይህ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ስለሚሆን፣ ኮምፒውተሩን ከመነካካት በፊት የፕሪንተሩን የኔትወርክ መረጃ ገጽ ከራሱ ሜኑ ላይ አትሞ ማንበብ ይሻላል። ከገጹ ላይ የዋይፋዩን ስም፣ የአይፒ አድራሻውን (በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) እና የማክ አድራሻውን (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ) ይፈልጉ።

የዋይፋይ መብራቱ በርቶ እያለ ኮምፒውተሩ «ኦፍላይን» ይላል

በቤትም በቢሮም ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ራውተር ለእያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር 192.168.1.9 ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሰነዱን ወደ ቀድሞው አድራሻ መላኩን ይቀጥላል። በዊንዶውስ ከፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ፖርትስ» (ሰነዱ ወዴት እንደሚላክ የሚያሳየውን ክፍል) ከፍተው እዚያ የተጻፈውን አድራሻ ከታተመው ወረቀት ጋር ያስተያዩ። ከተለያዩ በአዲሱ አድራሻ አዲስ ፖርት ይፍጠሩ።

ይህ የዕለቱን ችግር ይፈታል እንጂ ነገ እንዳይደገም አያደርግም። ዘላቂው መፍትሄ ወደ ራውተሩ ቅንብር ገብቶ አንድ አድራሻ በፕሪንተሩ የማክ አድራሻ ስም ማስያዝ ነው። ቋሚ አድራሻ በፕሪንተሩ ላይ በእጅ መሙላትም ይቻላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድላቸው መካከል ከሆነ ያንኑ አድራሻ ለአንድ ስልክ ሊሰጠው ይችላልና፣ ፕሪንተሩ አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ያስቸግራል። ስለዚህ ማስያዙን እመክራለሁ።

አድራሻው በ169.254 ይጀምራል

ፕሪንተሩ ከራውተሩ አድራሻ ስላላገኘ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። ራውተሩን አጥፍተው ያብሩና ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ፕሪንተሩን ያስነሡ። የዋይፋዩ ፓስወርድ ተቀይሮ ከነበረ አዲሱን በፕሪንተሩ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል።

ስልኩ የሚያየውን ዋይፋይ ፕሪንተሩ አያየውም

ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፤ ባለ 5 ጊጋኸርዙ ስም በዝርዝራቸው ውስጥ አይመጣም። በራውተሩ ላይ 2.4 መከፈቱን ያረጋግጡ። ስሙ እየታየ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አልገናኝ ካለ፣ ራውተሩ አዲሱን የዋይፋይ ጥበቃ ዘዴ ደብሊውፒኤ3ን (WPA3) ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ሊሆን ይችላልና የቀድሞውን ደብሊውፒኤ2ን (WPA2) አብሮ የሚቀበለውን ምርጫ ይውሰዱ። ለፕሪንተር ሲባል ዋይፋዩን ያለ ፓስወርድ መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሁለቱም ተገናኝተዋል፣ ግን አይተዋወቁም

በቢሮ ውስጥ አንዱ ክፍል ተጨማሪ ራውተር ሲተክል፣ ኮምፒውተሩ በ192.168.0 ፕሪንተሩ በ192.168.1 በሚጀምር አድራሻ ተለያይተው ሊቀሩ ይችላሉ። ለእንግዳ የተከፈተ ዋይፋይም መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ብዙ ጊዜ የሚከለክል በመሆኑ ውጤቱ ያው ነው። ሁለቱንም ወደ አንድ ዋይፋይ ይመልሷቸው። ከዚያም የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ በኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ይጻፉ፤ የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ከተከፈተ ኔትወርኩ ደህና ነውና፣ አሁንም የማያትም ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ድራይቨሩ መሄድ ተገቢ ነው።