የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዲግሪ አመራረጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ተመራቂዎች

በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዩኒቨርሲቲው ስም ወይም በቅርቡ ከወጣ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ነው። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋሮቢት ወይም ዓለም ከተማ ሆነው ይህን ለሚያነቡ ሁሉ የምመክረው ግን ከሌላ ቦታ እንዲነሡ ነው፤ በመጪዎቹ አሥር ዓመታት በየትኛው ማሽን ወይም በየትኛው የምርት ሂደት ላይ ተጠያቂ ባለሙያ መሆን እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ። የመጀመሪያው ዲግሪ ከቴርሞዳይናሚክስ እስከ ማሽን ዲዛይን ሁሉን አስቃኝቶ ይለቅቃል። ሁለተኛው ግን አንድ ዘርፍ አስይዞና በአንድ ጥያቄ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አሠርቶ የሚያወጣ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቀጣሪም ሆነ የሦስተኛ ዲግሪ ተቀባይ መምህር መጀመሪያ የሚመለከተው ያን ጥያቄ ነው።

ትምህርቱ አሁን ያስፈልግ እንደሆነም በቅንነት መመርመር ተገቢ ነው። በፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ማደግ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ማስተርስ ሳይሆን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ የተከማቸ ልምድ፣ የፒኤልሲ (ማሽንን በፕሮግራም የሚቆጣጠር መሣሪያ) ዕውቀት ወይም የንዝረት ምርመራ ሥልጠና ነው። በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር፣ በምርምር ተቋም ለመሥራት ወይም በከባድ የዲዛይን ስሌት ላይ ለመሰማራት ለሚያስብ ግን ሁለተኛ ዲግሪ ከሞላ ጎደል የግድ ነው። በእኔ አስተያየት ከምርቃት በኋላ አንድ ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ቆይቶ መማር የተሻለ ነው፤ የተሰበረ ሻፍት አስፈትቶ ስብራቱን በዓይኑ የመረመረ ሰው በክፍል ውስጥ የሚያነሣው ጥያቄ ይለያልና። ጥቅሙ በክፍል ውስጥ ብቻም አይቀርም። ኢፖስ የተባለው፣ ዳድ በሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። ሥራ ጠፍቶ ቤት የተቀመጠ ተመራቂ ጊዜውን በትምህርት ለመጠቀም ቢወስን የሚነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ዘርፉን በጥንቃቄ መምረጥ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ያለ ሥራ ልምድ የተያዘ ሁለተኛ ዲግሪ የሚመዘነው በመመረቂያ ጽሑፉ ጥራት ብቻ ነው።

ከዘርፎቹ ሁሉ ለአካባቢያችን የበለጠ ጥያቄ ያዘለው ቴርማል ኢንጂነሪንግ ይመስለኛል። ዘርፉ የሙቀት ዝውውርን፣ ፍሉይድ ሜካኒክስን፣ ቃጠሎንና ማቀዝቀዣን ያጠናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 72 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል 101 ነው፤ ውሃ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ የአየሩ ጥግግትም ከሩብ በላይ ይቀንሳል። በመሆኑም ለዝቅተኛ ቦታ ተሰልቶ የተገዛ የቦይለር በርነር ለቃጠሎ የሚበቃ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፣ ፋንም በሰዓት ያንኑ ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢገፋ የሚያልፈው ኪሎግራም ያነሰ ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍት ምሳሌዎች በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተሠሩ ስለሆኑ፣ በደጋ ከተማ የሚሠራን አንድ ቦይለር ለክቶ የቃጠሎውን ሁኔታ መመርመር ራሱን የቻለ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ነው። የከተማዋ የቢራ ፋብሪካዎችም እንፋሎት ማመንጨትና ማቀዝቀዝ ጎን ለጎን የሚካሄድባቸው በመሆናቸው፣ ከአንዱ የሚባክነውን ሙቀት ለሌላው የማዋል ጥያቄ በተፈጥሮው ይነሣባቸዋል።

በዚሁ ዘርፍ ውስጥ የሲሚንቶን ጉዳይ ለይቼ ማንሣት እወዳለሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት ዐቅም እንዳለው ተገልጿል። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የበሰለ ድንጋይ፣ በምድጃው ውስጥ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይበስላል፤ ዘመናዊ የደረቅ ሂደት ምድጃም ለአንድ ቶን ክሊንከር ከ3 እስከ 3.5 ጊጋጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ጥሬ ዕቃውን አስቀድሞ በሚያሞቀው ፕሪሂተር ጋዝ፣ በክሊንከር ማቀዝቀዣው አየርና በምድጃው ግድግዳ በኩል ይወጣል። የት፣ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳይ የሙቀት ሚዛን መሥራት ለማስተርስ ተማሪ የሚመጥን ሥራ ነው፤ ውጤቱም ለፋብሪካው በብር የሚተመን ስለሆነ መረጃ የመስጠት ፍላጎት ያገኛሉ።

የመካኒካል ዲዛይን ዘርፍ የክፍሎችን ጥንካሬ፣ የብረት ድካምን (በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ መዳከምን)፣ ንዝረትንና የፊናይት ኤለመንት ስሌትን (ክፍሉን በትናንሽ ቁርጥራጮች ከፍሎ በኮምፒውተር ማስላትን) ይመለከታል። ከጣርማ በር በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋሮቢት የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዘርፍ ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም፤ 40 ቶን የሚመዝን ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 390 ሜጋጁል ያህል ጉልበት የግድ በፍሬን፣ በሞተር ብሬክና በአየር ግጭት መልክ መውጣት አለበት። የፍሬን ከበሮው በዚህ ሙቀት እንዴት እንደሚለጠጥና ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ሸራው በምን ያህል ሙቀት መያዝ እንደሚያቆም የሚጠይቅ ተማሪ ከዲዛይንም ከአውቶሞቲቭ ኢንጂነሪንግም ገብቶ ሊሠራው ይችላል። በቆላው በኩል የሚመረተው ማሾም እንዲሁ ነው፤ የመውቂያው ሲሊንደር ፍጥነት ሲበዛ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ደግሞ ከነእንክብሉ ይቀራል። ተገቢውን ፍጥነትና ክፍተት ከእርጥበት መጠን ጋር አገናኝቶ መፈለግ የግብርና ማሽነሪ ዲዛይን ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነሪንግ ካስቲንግን፣ ብየዳን፣ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ) ማሽንንና የብረታ ብረት ባሕርይን ይሸፍናል። የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ቁጥር ፋብሪካዎች መለዋወጫ በአገር ውስጥ ለማስቀረጽ ስለሚገደዱ ፍላጎቱ የማይቋረጥ ይመስለኛል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ የምርት ዕቅድን፣ ጥራትንና የጥገና አስተዳደርን ለሚወዱ ይሆናል፤ ከማሽን ይልቅ ከቁጥርና ከሰው ጋር የሚሠራ መሆኑን ግን ዐውቀው ይግቡበት። የታዳሽ ኃይል ትምህርት በነፋስና በፀሐይ ላይ ያተኩራል፤ እንደ አዳማ ሁለት ያለ 153 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ጣቢያ ላይ የሚፈጠረው ቋሚ ሥራ ጥቂት ሰው የሚይዝና በአብዛኛው ኤሌክትሪካል መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። የባቡር ኢንጂነሪንግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መማር ይቻላል። ዕውቀቱ ጠንካራ ቢሆንም ቀጣሪዎቹ ጥቂት ተቋማት ስለሆኑ፣ ከእነርሱ ውጭ የሚያሠራ ችሎታ፣ ለምሳሌ የንዝረት ወይም የብረት ድካም ትንተና፣ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ዘርፉ ከተለየ በኋላ ትልቁ ሥራ አማካሪውንና ቤተ ሙከራውን መመርመር ነው። ይህን ብዙ አመልካቾች ይዘሉታል፤ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያስከትለውም እርሱ ነው። የትምህርት ዝርዝሮቹ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያየው የሚያማክረው ሰውና የሚሠራው መሣሪያ ነው። የሚፈልጉት መምህር ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት ምን እንዳሳተሙ ያንብቡ፤ የድምዳሜውን ክፍል ብቻ ሳይሆን የሙከራ አደራረጉን ይመልከቱ፤ ተለካ የተባለው ነገር በማን ቤተ ሙከራ እንደተለካ ይታያል። ከዚያም በሁለተኛ ዓመት ላይ ያሉ ተማሪዎችን ፈልገው ያነጋግሩ። አማካሪው በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደያዙ፣ የጽሑፍ ረቂቅ ለማንበብ ምን ያህል እንደሚያቆዩ፣ የቤተ ሙከራው መሣሪያ ይሠራ ወይስ ከተገዛ ጀምሮ በሽፋኑ ውስጥ ይኖር እንደሆነ በግልጽ የሚነግሩዎት እነርሱ ናቸው። በደንቡ ሁለት ዓመት የሆነ ትምህርት በተግባር ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅበት ክፍል ካለ፣ ምክንያቱን ሳያውቁ አይመዝገቡ።

በአገራችን የመካኒካል ማስተርስ ሥራዎች ላይ የሚታይ አንድ ድክመት አለ። በአንሲስ ወይም በመሰል ሶፍትዌር ብቻ ተሠርተው፣ ውጤታቸው ከምንም ልኬት ጋር ሳይነጻጸር የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች በዝተዋል። ሶፍትዌሩ ጥፋት የለበትም፤ ዳሩ ግን ያስገቡትን የድንበር ሁኔታ፣ ማለትም በክፍሉ ዳር ላይ ያለውን ሙቀት ወይም ጫና፣ ሳይመረምር ቆንጆ የቀለም ሥዕል ይሰጣል። ስለዚህ የሚመርጡት ፕሮግራም ቢያንስ አንዲት ልኬት እንዲወስዱ የሚያስችል መሆኑን ያረጋግጡ። ዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ባይኖረው በአቅራቢያዎ ያለ ፋብሪካ ሊኖረው ይችላል፤ የሰሜን ሸዋ ነዋሪ መሆንዎ ጥቅም የሚሰጥዎትም እዚህ ላይ ነው። ሳይመዘገቡ በፊት ከፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው፣ የትኛውን መረጃ ለምን ያህል ጊዜ መውሰድ እንደሚፈቀድልዎትና የትኛው በምስጢር እንደሚያዝ በደብዳቤ ይያዙ። ከዚያ ለአማካሪው ሲጽፉ «በቴርማል ዘርፍ መማር እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ «በክሊንከር ማቀዝቀዣ የሙቀት ብክነት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ በምሠራበት ፋብሪካ የአንድ ዓመት የሙቀት መዝገብ እንድጠቀም ተፈቅዶልኛል፤ በቤተ ሙከራዎ ያለው የጋዝ መመርመሪያ ለዚህ ያገለግል እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብለው መጻፍ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በመደበኛና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር መካከል ሲመርጡ ገንዘቡን ብቻ አያስሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየሳምንቱ መመላለስ በወረቀት ላይ የሚቻል ቢመስልም መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት፣ የፋብሪካ ፈረቃና የፈተና ወቅት አንድ ላይ ሲገጥሙ ብዙዎችን አስቋርጧል። ሥራ ይዘው የሚማሩ ከሆነ ቀጣሪዎ በፈተና ሳምንታት ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን አስቀድመው በጽሑፍ ቢይዙ ይሻላል። በአገር ውስጥ ለመግባት ጋት በመባል የሚታወቀውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠየቃል፤ ፈተናው ቋንቋን፣ የቁጥር ስሌትንና ማመዛዘንን የሚለካ እንጂ የመካኒካል ትምህርት ፈተና ስላልሆነ ለብቻው ዝግጅት ይሻል። በግል ተቋም ለመማር ካሰቡም ዕውቅናው ለተቋሙ በጅምላ ሳይሆን በፕሮግራምና በካምፓስ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ሊማሩበት ያሰቡት ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ የተፈቀደ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ።

ወደ ውጭ አገር ለሚያመለክቱ መጀመሪያ መለየት ያለበት የዲግሪው ዓይነት ነው። በእንግሊዝ አብዛኛው ማስተርስ በአንድ ዓመት የሚያልቅና በክፍል ትምህርት ላይ ያተኮረ ነው፤ በጀርመን ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ በጃፓን ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንድ መምህር ቤተ ሙከራ አባል ይሆናል። ወደ ሦስተኛ ዲግሪ መቀጠል ከፈለጉ ረዘም ያለ የምርምር ጽሑፍ ያለውን ይምረጡ። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይወስዳል። ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ ለቪዛ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት «የተዘጋ ሒሳብ» ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት የተጠየቀበት ጊዜ ስላለ፣ ስኮላርሺፕ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ገንዘብ በሩን የሚዘጋ ነው። በመሆኑም ስኮላርሺፑንና ፕሮግራሙን አብረው ይፈልጉ። የጃፓን መንግሥት የሜክስት ስኮላርሺፕ በጥናት ዕቅዱ ላይ ስለሚያተኩር ከላይ እንደተገለጸው ያለ፣ ከአንድ ፋብሪካ ችግር የተነሣ ጥያቄ ያለው አመልካች ለውድድሩ የተሻለ ዝግጁ ነው።

ሰነዶቹን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ እጨምራለሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ የወጪ መጋራት ዕዳውን መጨረስ ይኖርበታል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ እንዲላክ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ በደብዳቤ መመላለስ፣ በገቢዎች ቢሮ ማረጋገጫና በሰልፍ ሳምንታት የሚወስድ ስለሆነ፣ የማመልከቻው ጊዜ ሲከፈት ሳይሆን ከዚያ ከብዙ ወራት በፊት መጀመር አለበት።